ክኒን ወይስ ኦፕራሲዮን? ፓራታይሮይድ ላስቸገራቸው የእጥበት ታካሚዎች

አዳማ ውስጥ አጎቴን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት አደርሳቸዋለሁ። አራት ሰዓት ማሽን አጠገብ ሲቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ የደም ምርመራ ላይ ያርፋል፤ ሰሞኑን ደግሞ የሁሉም ወሬ ፒቲኤች፣ ማለትም የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞን፣ ሆኗል። አንዱ «አንገቴን ሊከፍቱኝ ነው» ሲል ሌላው «እንቅርት ነው እንዴ?» ይለዋል። አይደለም። እንቅርት የታይሮይድ ነው። ፓራታይሮይድ የሚባሉት ከታይሮይዱ ጀርባ የተለጠፉ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ፣ ጤነኛ ሳሉ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ዕጢዎች ናቸው። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት በደም ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ይወርዳል፤ ዕጢዎቹም ካልሲየም ከአጥንት ለማስወጣት ሌት ተቀን ሆርሞን ያመነጫሉ። እያደር ያብጡና ልጓም አይዛቸውም። አጥንት ይሳሳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ካልሲየሙም የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል።

በእኛ አካባቢ አጥንት ባመመ ቁጥር ውሃው ይወቀሳል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ወንጂ ላይም የሰው አጥንት ጎድቷል፤ ይህ እውነት ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን ከውሃው በፊት ፒቲኤቹን ይጠርጥር።

ክኒን ስንል አንድ መድኃኒት አይደለም። ከምግብ ጋር የሚዋጥ፣ የምግቡ ፎስፌት ወደ ደም እንዳይገባ የሚይዝ ፎስፌት ያዥ አለ፣ ካልሲትራዮል (ሥራ ላይ የሚውለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት) አለ፣ ከዚያ ሲናካልሴት ይመጣል። ሲናካልሴት ዕጢውን «ካልሲየም ሞልቷል» ብሎ ያታልለዋል። በየቀኑ ይወሰዳል፤ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱን ያስመልሳል፣ ካልሲየምንም ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ሲቋረጥ ሆርሞኑ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ፋርማሲውን ዋጋ ብቻ አትጠይቁት፤ የሚቀጥለው ወር እሽግ ይኖር እንደሆነም ጠይቁት። (ምግብንም አትርሱ፦ የሽሮ ፎስፌት በከፊል ነው ወደ ደም የሚገባው፣ የጥቁሩ ለስላሳ ግን በቀላሉ ይገባል። እጥበት ጨርሶ ጥቁር ለስላሳ የሚከፍት ሰው ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።)

ኦፕራሲዮኑ ወይ ሦስት ተኩል ዕጢ ያወጣል፣ ወይ አራቱንም አውጥቶ የአንዱን ዕጢ ቁራጭ ክንድ ውስጥ ይቀብራል። ሦስት ተኩል ሲባል ሥጋ ቤት የቆምን ይመስላል፤ ግማሿ የምትቀረው ሰውነት ያለ ሆርሞኑ ጨርሶ እንዳይቀር ነው። ፒቲኤች በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ ማሳከኩና የአጥንት ሕመሙም ብዙዎችን ይለቃቸዋል። ጉዳቱስ? የድምፅ ነርቭ ሊነካ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የሚከተሉት ቀናት ናቸው፤ አጥንቱ እንደ ተራበ ሰው ካልሲየሙን ከደም ይሻማል። ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ልብም ሊዛባ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ካልሲየም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ልዩነት ይለካል፣ በደም ሥርም ይሰጣል።

ዕድሜስ የሚያረዝመው የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን ከ4,500 በላይ የእጥበት ታካሚዎች ካልተደረገላቸው መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው 3.1 በመቶው ሞተዋል። ኋላ ግን የሞት አደጋቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል የሆነው በ587ኛው ቀን ገደማ ነው። አንድ ዓመት ከሰባት ወር መሆኑ ነው። ሲናካልሴት ደግሞ በ2012 በወጣውና ከ3,800 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሞትንና የልብ አደጋን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። እዚህ ላይ «እንግዲያው ኦፕራሲዮን» ለማለት አትቸኩሉ። ክኒኑ የተፈተነው ማን እንደሚወስደው በዕጣ ተለይቶ ነው፤ ለቢላዋ የሚመረጠው ግን ልቡ ማደንዘዣን የሚችል ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ድሮም የተሻለ ዕድል ነበረው።

የእኔ ሚዛን ይኸው፦ ፒቲኤች ከላብራቶሪው ጣሪያ (ለጤነኛ ሰው ከተቀመጠው ከፍተኛ ልክ) ከ2 እስከ 9 እጥፍ ባለው መካከል ከሆነ (ጣሪያው 65 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ ከ130 እስከ 585 ማለት ነው) ቢላዋ አልመኝም። ለወራት ከ800 በላይ ቆሞ፣ ካልሲየም ወይም ፎስፌት አልታዘዝ ካለ፣ ክኒኑም ካላስቻለ ወይም ከገበያ እየጠፋ ካስቸገረ፣ ቀዶ ሐኪም ጠይቁ። አንድ ጊዜ ከፍ ማለቱ ምንም አይደለም፤ አካሄዱ ነው የሚታየው። ልቡ የደከመና ያንን 587 ቀን መሻገሩ የሚያጠራጥር ሰው ካለ እኔ ክኒኑን እመርጥለታለሁ። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ (አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል) ያንን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚወጣው የዕጢ መጠን በዚያ ይወሰናል።

አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው። ግን ኦፕራሲዮን አድርጎ በማግስቱ አዳማ መመለስ አይታሰብም። ካልሲየም ሌሊትም የሚለካበት፣ እጥበቱም የማይቋረጥበት ቦታ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ለአስታማሚም ማደሪያ ያዙ።

የዕጢው ቁራጭ ክንድ ላይ የሚቀበር ከሆነ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ የሚገባበት፣ በኦፕራሲዮን የተገናኘ የደም ሥር) በሌለበት በኩል ይሁን። የአጎቴ ፊስቱላ ግራ ክንዳቸው ላይ ነው፤ እሳቸውም ገና የቀዶ ሐኪም ቀጠሮ ሳይዙ ከአሁኑ ነርሶቹን «ቀኙን እንዳትነኩብኝ» ይላሉ።