«ተከሳሽ»ን «ትከሳሽ» ብሎ የሚጽፍ ገመድ አልባ ኪቦርድ

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ከማውዝ ጋር በአንድ ካርቶን ታሽገው ከሚሸጡት ርካሽ ገመድ አልባ ኪቦርዶች አንዱን በጽሕፈት ቤታችን ስንሠራበት ቆይተናል። ማርካውን የማልጠቅሰው፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ማወቅ ለገዢ ብዙም ስለማይጠቅም ነው። ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፤ ድምፃቸው አጠገብ የተቀመጠን ሰው አይረብሽም፤ ጠረጴዛውንም ከገመድ ጥልፍልፍ ይገላግላል። ከእንግሊዝኛው ፊደል ጎን ዐረብኛ መታተሙ በዱባይ በኩል ለሚገባ ዕቃ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሥራም አያውክም። ቅሬታዬ የተጫነው ቁልፍና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ፊደል ሁልጊዜ አለመገጣጠማቸው ነው።

ጽሕፈት ቤታችን አቤቱታ፣ ውልና ማመልከቻ የሚዘጋጅበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምንጽፈው አማርኛ ነው፤ የዚህ ዕቃ ድክመት ጎልቶ የሚታየውም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ምት ቢዘለል አንድ ፊደል ይጎድላል፤ ዓይን ቢስተው እንኳ የቃላት ማረሚያው በቀይ ያሰምርበታል። እንደ ፓወር ግዕዝና ኪይማን ባሉ፣ የአማርኛው ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች በሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች ግን አብዛኛው ፊደል የሚወጣው በሁለት ምት፣ ማለትም ተነባቢውና አናባቢው ተከታትለው ሲጫኑ ነው። ስለዚህ አናባቢው መንገድ ላይ ሲቀር ፊደሉ ከነጭራሹ አይጠፋም፤ ሳድስ ሆኖ ይቀመጣል። «ተከሳሽ» «ትከሳሽ» ይሆናል፣ «ከሳሽ» ደግሞ «ክሳሽ»፤ የሺፍት ምት ስትዘለል «ጤና» «ቴና» ሆኖ ይወጣል። ቃሉ በርዝመቱም በመልኩም ትክክለኛውን ስለሚመስል ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ስሕተቱ የሚገኘውም ባለጉዳዩ ከፈረመበት በኋላ ነው።

ዕቃውን ወደ ሱቅ ከመመለስ በፊት የስሕተቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ያንኑ የተሳሳተ ፊደል የሚያወጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው በዊንዶውስ ውስጥ የተመረጠው የፊደል አቀማመጥ ነው። ሺፍትና 2 ሲጫኑ በኢሜይል ምልክት ፋንታ ትምህርተ ጥቅስ ከወጣ ኮምፒውተሩ የብሪታንያን አቀማመጥ ይዟል፤ ኤ ሲጫን ኪው ከወጣ ደግሞ የፈረንሳይን። አልትንና ሺፍትን ሳይታወቅ አብሮ መንካት አቀማመጡን ሊቀይረው ስለሚችል፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጭኖ የትኛው እንደተመረጠ ማየትና የማይሠራበትን ከዝርዝሩ ማስወጣት ይበቃል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው፣ ፓወር ግዕዝ የሚጠቀም ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መክፈት አለበት። ለብቻው የቁጥር ክፍል በሌላቸው አንዳንድ ትንንሽ ኪቦርዶች ደግሞ ዩ፣ አይና ኦ ሲጫኑ 4፣ 5 እና 6 የሚወጡት ነም ሎክ ስለበራ ነው።

የእኛ ኪቦርድ ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነበር። አንዳንዴ ይዘላል፣ አንዳንዴ አንዱን ፊደል ይደረድራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አስተካክሎ ይጽፋል። እንዲህ የሚያመላልስ ችግር ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የሬዲዮ ግንኙነቱ ነው። ኪቦርዱ ዩኤስቢ ላይ ከሚሰካው ትንሽ ሪሲቨር ጋር የሚገናኘው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሲሆን፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው አካባቢ ይሠራሉ። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ራሱን ኮምፒውተሩን ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ቴክኒካዊ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ዩኤስቢ 3.0 መረጃ ሲያስተላልፍ የሚፈጥረው የሬዲዮ ረብሻ ከ2.4 እስከ 2.5 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል ስለሚነካ፣ በአጠገቡ የተሰካ የገመድ አልባ ዕቃ ሪሲቨር ምልክቱን በትክክል መቀበል ሊያቅተው ይችላል። በእኛ ቤት የሆነውም ከዚሁ ጋር ይስማማል፦ በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው የብረት ሳጥን ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል፤ ሪሲቨሩ ከኋላው፣ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ላይ ተሰክቷል፤ አጠገቡ ደግሞ ፋይል የምናስቀምጥበት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አለ። ወደ ሃርድ ዲስኩ ፋይል በሚገለበጥበት ሰዓት «አመልካች» የሚለውን ቃል እንኳ በአንድ ጊዜ አስተካክሎ መጻፍ ፈተና ነበር፤ ግልበጣው ሲያልቅ ኪቦርዱ ይረጋጋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሪሲቨሩን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከሳጥኑ አርቀን ጠረጴዛው ላይ ከኪቦርዱ ፊት ለፊት ስናስቀምጠው መዝለሉ በአብዛኛው ቆመ። ማራዘሚያ ለሌለው ሰው ሪሲቨሩን ከፊት ወዳለው ጥቁር የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ማዛወርም ይረዳል። ገመድ አልባ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ገመድ መጠየቁ ያስቃል፤ አምራቹን የምወቅሰው ግን ማራዘሚያውን በካርቶኑ ባለመጨመሩ ሳይሆን፣ በታጠፈችው የመመሪያ ወረቀት ላይ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ ባለመጻፉ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው 10 ሜትር፣ በመካከል ምንም ነገር በማይጋርድበት ቦታ ላይ የሚሠራ ቁጥር ነው፤ ብረት ሳጥን፣ ጠረጴዛና የሰው እግር በመካከል ሲገቡ ሁለት ሜትርም ሊበዛበት ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ መታየት ያለበት ድንጋዩ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣውና በየሱቁ በርካሽ የሚገኘው ተራ የካርቦን ድንጋይ ከአልካላይን ፈጥኖ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ኪቦርዱ በአንዴ አይዘጋም፣ መጀመሪያ ፊደል መዝለል ይጀምራል። ይህ ሞዴል የድንጋይ መድከምን የሚያሳይ መብራት ስለሌለው ተጠቃሚው የሚያውቀው ከስሕተቱ ብቻ ነው። በድንጋይ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ቻርጅ የሚደረገውን ሲገዛ፣ የዚያኛው ቮልቴጅ በ1.5 ፋንታ 1.2 መሆኑንና አንዳንድ ዕቃ ገና ከጅምሩ እንደደከመ ሊቆጥረው እንደሚችል ይወቅ።

ኪቦርዱ ቀስ ብለው ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ከመሰለ ደግሞ ከዕቃው በፊት የዊንዶውስን «ፊልተር ኪስ» መመልከት ይገባል፤ የቀኙን ሺፍት ለስምንት ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ያስነሣዋል፣ ሲበራም ፈጣን ምቶችን እንዳልነበሩ ያልፋቸዋል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው ጉድለት የራሱ የኪቦርዱ ነው። ፈጣን ጸሐፊ አንዱን ቁልፍ ሳይለቅ ሌላውን ስለሚጫን ጣቶቹ ይደራረባሉ፤ በርካሽ ኪቦርዶች ውስጥ ያለው የገመድ አሠራር ደግሞ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ አንዳንዶቹን መለየት ያቅተዋል። በእኛ ቤት ሺፍት የሚፈልጉት እንደ ጠ እና ጨ ያሉ ፊደላት በፈጣኗ ጸሐፊያችን እጅ አሁንም አልፎ አልፎ ተ እና ቸ ሆነው ስለሚወጡ፣ የእርሷ ጠረጴዛ ወደ ባለገመዱ ኪቦርድ ተመልሷል። ኢሜይል ለሚመልስ፣ በስብሰባ አዳራሽ ከርቀት ስላይድ ለሚያሳይ ወይም ፊልም ለሚያይ ሰው ዕቃው ለዋጋው አያንስም። ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን አልመክረውም።

የግድ ገመድ አልባ የሚያስፈልገው ሰው፣ ሪሲቨሩ ቢጠፋ በሌላ የሚተካለትን ዓይነት ቢመርጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ የሎጂቴክ «ዩኒፋይንግ» ሪሲቨር እስከ ስድስት ተስማሚ ዕቃዎችን ይይዛል፣ ለብቻውም ተገዝቶ ከኪቦርዱ ጋር ሊተዋወቅ ይችላል። የእኛው ግን ከፋብሪካ ከአንድ ሪሲቨር ጋር ብቻ ተጣምሮ የመጣ ስለሆነ፣ ያች የጥፍር ታህል ዕቃ የጠፋች ዕለት ኪቦርዱም ማውዙም አብረው ይጣላሉ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ሻጩ ሪሲቨሩን ከላፕቶፑ ጎን ሰክቶ ጥቂት ፊደላትን መነካካት ነው፤ በዚያ ርቀት ደግሞ የማይሠራ ኪቦርድ የለም። ገዢው ሪሲቨሩ ከዴስክቶፕ ኋላ እንዲሰካለት ይጠይቅ፤ ከዚያም አማርኛ ከፍቶ በተለመደው ፍጥነቱ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይጻፍ። ዋስትናውንም በቃል አይተወው። እኛ የገዛንበት ሱቅ «ካልበራ እንቀይራለን» ብሎ ስለነበር፣ በርቶ ፊደል የሚዘል ኪቦርድ ስንመልስለት አልተቀበለንም፤ ደረሰኙ ላይ «ፊደል ከዘለለ ወይም ከደጋገመ ይቀየራል» የሚል ቃል ማስጻፍ ይህን ክርክር ያስቀራል።