ካናሪ ወይስ ሬዩኒየን?

የሼንገን ቪዛ (በአንድ ፈቃድ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያስገባውን) ይዞ ሞቃት ደሴት ለሚያማርጥ ሰው የስፔኗ ካናሪ ትቀላለች። ደሴቶቹ ለአፍሪካ ጠረፍ ቢቀርቡም የሼንገን ክልል ናቸው። ከማድሪድ መብረር የአገር ውስጥ ጉዞ ነው፤ ሌላ ቪዛ አይጠየቅም።

በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ደሴት ሬዩኒየን ግን ጣጣ አላት። የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ የምትገበያየውም በዩሮ ነው። ሼንገን ውስጥ ግን የለችም። ስለዚህ ቪዛ የሚጠየቅ ሰው ለባሕር ማዶ ግዛቷ የሚሠራ ቪዛ ከፈረንሳይ ቆንስላ ማውጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወደው መመለሻው ላይ ነው። ከፓሪስ ወደ ሬዩኒየን የበረረ ከሼንገን ወጥቷል፤ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ተመልሶ ፓሪስ አይገባበትም። ከመነሻው ደጋግሞ የሚያስገባውን መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ጥሩ ነገር አላት፦ እዚያ የቆዩበት ቀን ሼንገን ውስጥ ለመቆየት ከሚፈቀደው 90 ቀን አይቀነስም። ለአጭር ዕረፍት ግን ካናሪን እመርጣለሁ።