ሁለተኛው ራውተር ሰርቪስ ቤት ከገባ ስምንት ወር

ቤታችን አዲስ አበባ ነው። ፋይበሩ የገባው ዋናው ቤት ሳሎን ነው። እኔ የምሠራው ደግሞ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። መሃል ላይ ሦስት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ስለዚህ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 የሚባል ራውተር ገዛሁና 20 ሜትር ገመድ አስዘርግቼ ሰርቪስ ቤት ሰቀልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጣም አናደዱኝ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። የምንከፍለው ለ25 ሜጋቢት ነው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ነበር። ራውተሩን ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ ቀስ ብዬ መፈተሽ ጀመርኩ።

ላፕቶፔን ሳሎን ካለው ራውተር ጋር በገመድ አገናኘሁት፤ 24 አገኘሁ። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ የተዘረጋውን ገመድ ከአዲሱ ራውተር ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ዊንዶውስ የግንኙነቱን ፍጥነት 10 ሜጋቢት ብሎ አሳየኝ! ደህና ገመድ ቢሆን 100 ወይም 1000 ነበር የሚለው። ጃኩን ሳየው ከውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እኩል አልገቡም። ሁለቱንም ጫፍ አስቆርጬ በአዲስ ጃክ አስመታሁት፤ በዚያው ዕለት 22 ገባልኝ። እባካችሁ ራውተር ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩ።

ገመዱ ተስተካክሎም ሰርቪስ ቤት ሆኜ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ማግኘት አልቻልኩም። ሁለቱም ራውተሮች የአይፒ አድራሻ (ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጥ የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ያድሉ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ተፈጥሯል። ይህ ፍጥነቱን ያን ያህል አይጎዳውም፤ ግን ዕቃዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አዲሱን ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ ቀየርኩት። አድራሻ ማደሉ ለሳሎኑ ብቻ ቀረ፤ ፕሪንተሩም ወዲያው ተገኘ።

የቀረው ማታ ማታ መቆራረጡ ነበር። ሁለቱም ራውተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ (ዋይፋዩ ከሚሠራባቸው ሁለት የሞገድ ባንዶች አንዱ) ቻናል 6 ላይ ነበሩ፤ የጎረቤትም እዚያው ነው። በዚህ ባንድ ሳይነካኩ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዱን 1 ላይ፣ ሌላውን 11 ላይ አደረግኩ። ላፕቶፑን ደግሞ ሌላኛው ባንድ፣ 5 ጊጋኸርዝ ላይ አስገባሁት፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ግድግዳ አያግደውም።

ካርቶኑ ላይ ኤሲ1200 የሚለው ቁጥር የሁለቱ ባንዶች ከፍተኛ ፍጥነት ድምር ተጠጋግቶ ነው፣ 867 እና 300 ሜጋቢት። የገዛችሁትን ኢንተርኔት አይጨምርላችሁም።

አሁን ስምንት ወር ሆነው። 23 እና 24 እያገኘሁ ነው፤ በቪዲዮ ስብሰባ መሃል መቋረጥ ቀርቷል። ለእኔ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። እማዬ በቪዲዮ እያወራች ቡና ልትጠጣ ወደኔ ስትመጣ ስልኳ የሳሎኑን ዋይፋይ አይለቅም። ያኔ ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራላታለሁ። ሁለቱ ለየብቻ የሚሠሩ ራውተሮች ስለሆኑ ነው። እያወራ ከቤት ቤት የሚዘዋወር ሰው ካላችሁ፣ አቅማችሁ ከፈቀደ ከመጀመሪያው ሜሽ (እንደ አንድ ዋይፋይ ተባብረው የሚሠሩ ዕቃዎች) ግዙ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ሰርቪስ ቤት ላለው ብቻ መግዛት ዋጋ የለውም። የሳሎኑ ከጠፋ እኔ ጋ ያለው ባዶ ዋይፋይ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ትንንሽ ባትሪ ገዛሁ፤ ስትገዙ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አስቀድማችሁ አንብቡ።