ሎስ ሃይቫስ ወይስ ካፌ ታኩባ? ሮክና የሀገረሰብ ዜማ የተገናኙባቸው ሁለት አልበሞች

ሮክን ከላቲን አሜሪካ የሀገረሰብ ሙዚቃ ጋር ያዋሃደ አልበም መግዛት ለሚፈልግ ሁለት ምርጫ አለኝ፤ የቺሊዎቹ ሎስ ሃይቫስ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት «አልቱራስ ደ ማቹ ፒቹ» እና የሜክሲኮዎቹ ካፌ ታኩባ የ1994 ሥራ «ሬ»። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ ግን ለአንድ ዓይነት ጆሮ አልተሠሩም።

የሎስ ሃይቫስ አልበም 7 ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ተደምሮ 40 ደቂቃ አይሞላም። ግጥሙ የታዋቂው የቺሊ ገጣሚ የፓብሎ ኔሩዳ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚነፋው ኬና ለኛ ጆሮ ዋሽንትን ያስታውሳል፤ ቻራንጎ የሚባለው ትንሽ ክራር መሰል የገመድ መሣሪያም አብሮት ይሄዳል። ከ11 ደቂቃ በላይ የሚፈጀውን «ላ ፖዴሮሳ ሙዌርቴ»ን ስሙት። በዝግታ ይነሳል፤ ከዚያ ፒያኖው፣ ከበሮውና ሞግ ሲንተሳይዘሩ (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያወጣው ኪቦርድ) እየተደራረቡ ያድጋሉ። የቱ ጋ ሮክ እንደጀመረ፣ የቱ ጋ ሀገረሰቡ እንዳበቃ መለየት ያቅታል። ለኔ ውህደት ማለት ይሄ ነው። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በየመሃሉ እየዘለሉ የሚያዳምጡት አይደለም።

«ሬ» 20 ዘፈን ይዟል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። «ላ ኢንግራታ» የሰሜን ሜክሲኮ ፖልካ፣ ማለትም ፈጣን የጭፈራ ዜማ ነው፤ «ኤሳ ኖቼ» ቦሌሮ የሚባለው ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን፣ «ኤል ቦሬጎ» ደግሞ ጆሮ የሚሰነጥቅ ሜታል፣ ከባዱ የሮክ ዓይነት። ባንዱ ከበሮ መቺ አልነበረውም፤ ምቱን የሚሰጠው ማሽን ነው፤ ድምፁን ቀለል ያለና ተጫዋች ያደረገውም ይኸው ይመስለኛል። ፕሮዲውሰሩ ጉስታቮ ሳንታኦላያ ነው፤ በኋላ በፊልም ሙዚቃ ሁለት ኦስካር የወሰደው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ «ላ ኢንግራታ» ጥላው የሄደችን ሴት በጥይት የሚያስፈራራ ግጥም አለው፤ ባንዱ ራሱ በ2017 ከእንግዲህ አንዘፍነውም ብሏል። ዜማው ቢያስጨፍርም ግጥሙ ለኔም ይከብደኛል።

ስፓኒሽ የማይሰማ ሰው በየትኛውም አይቸገርም፤ «ሬ» ላይ ግን ብዙው ጨዋታ ቃላቱ ውስጥ ስለሆነ የተወሰነ ነገር ያመልጠዋል። መኪና ውስጥ ወይም ከጓደኛ ጋር የሚደመጥ ከፈለጋችሁ «ሬ»ን ግዙ። አንድ ብቻ ነው የምገዛው ካላችሁኝ ግን ሎስ ሃይቫስን እላለሁ፤ ሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ በሸክላው ፈልጉት። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ከዚሁ የሎስ ሃይቫስ አልበም ሕዝብ የሚወደውን «ሱቤ አ ናሰር ኮንሚጎ ኤርማኖ»ን አንድ ጊዜ አድምጡ።