አበበ ቢቂላ በበግ ጠጉር፦ ስለ አንድ የደብረ ብርሃን ስጋጃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የስጋጃ መሥሪያ ቤት የሻምበል አበበ ቢቂላ ምስል ያለበት፣ ቁመቱ 120፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ስጋጃ አሠርቼ፣ 11,000 ብር ከፍዬ በሁለተኛው ወር ተረክቤአለሁ። አበበ በ1924 ዓ.ም. የተወለደባት ጃቶ ከከተማው ብዙ አትርቅም፤ የአገሩ ልጅ በአገሩ በግ ጠጉር ተሠርቶ ማየት ለእኔ ከቤት ጌጥ በላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው ጠጉሩ ነው። ቀለም ያልነካው የመንዝ በግ ጠጉር በመሆኑ ሠሪዎቹ ያላቸው ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡላውና ዳለቻው ብቻ ነው፤ ሆኖም በእነዚህ አራት መልኮች የሯጩን የጉንጭ አጥንት፣ የአንገቱን ጅማትና ያንን የማይረበሽ ፊቱን አውጥተውታል። ቀርቤ ስመለከተው በዐይኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁለት ነጭ ቋጠሮ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከጀርባው በዳለቻ ጠጉር የቆመው የአክሱም ሐውልት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በኦሊምፒክ ማራቶን ሞሮኳዊውን ሯጭ ራዲን ጥሎ የወጣው ፋሺስቶች ወስደው ሮም ላይ ባቆሙት በዚያ ሐውልት አጠገብ ነበርና ቦታው በሚገባ ታስቦበታል። እግሩም ባዶ ነው፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ያዘንሁት ደረቱ ላይ ባለው ቁጥር ነው። ስጋጃውን ልረከብ ስሄድ የተጻፈው 17 ነበር። 17 ቁጥር በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈበት ነው፤ በሮም ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ የለጠፈው ግን 11 ነበር። ነገሩን ሳስረዳ ሠሪዋ ስጋጃውን ወደ መስኮቱ አዞረችና፣ «ጋሼ፣ ሁለት ፎቶ ሰጥተውን አንዱን ከአንዱ አደባልቀነው ነው፤ ይስተካከላል» አለችኝ። ተጨማሪ ገንዘብ ሳትጠይቅ የ«7»ን ቋጠሮዎች በወስፌ እየነቀለች በመርፌ «1» አድርጋ ሠራችው። ሥራው ንጹሕ ቢሆንም፣ ጠዋት ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት የአሮጌው ቁጥር ጥላ አሁንም ይታየኛል። ሰውየው በዓለም ፊት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሯጭ ነውና፣ አንዱን ድል ከሌላው ጋር መቀላቀል ቀላል ስሕተት ነው ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

እዚያው ግድግዳ ላይ የአንኮበሩ ተወላጅ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ምስልም ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ እሱን ግን አልገዛም። በአፍሪካ አዳራሽ ባሠሯቸው ባለ ቀለም መስተዋቶች ብርሃንን ያናገሩ ሠዓሊ በአራት የጠጉር መልክ ሲቀርቡ ደብዝዘዋል።

ለማሠራት የሚያስብ ሰው የአንድ ውድድር አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ቀብድ ከመክፈሉ በፊትም ቁጥሩንና ዓመቱን በወረቀት ላይ አስጽፎ ያስፈርም። ከተሰቀለ በኋላ ስጋጃው በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሊራገፍ ይገባዋል፤ ካልሆነ ብል አይምረውም። የእኔው እስከ አሁን አልረገፈም፤ ጠርዙም አልተፈታም።

ከዚያችው ሠሪ ዘንድ የቶኪዮውን አበበ በነጭ ጫማ፣ በ17 ቁጥር አዝዤአለሁ። ለጥምቀት ይደርሳል ብላኛለች።