ለወጣት ኳርተርባክ (በአሜሪካን ፉትቦል ኳስ የሚወረውርና ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) የቱ ይሻላል፦ በካናዳ መሰለፍ ወይስ በአሜሪካ ተጠባባቂ መሆን?

ገንዘብ፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በአሜሪካው ሊግ ኤንኤፍኤል ተጠባባቂ የሆነ ኳርተርባክ በካናዳው ሊግ ሲኤፍኤል ከሚሰለፉት ከአብዛኞቹ የበለጠ ይከፈለዋል።

ጨዋታ፦ ተጠባባቂው አንድም ኳስ ሳይወረውር ዓመቱ ሊያልቅበት ይችላል። በካናዳ ቋሚ የሆነው 18 ጨዋታ ይመራል፤ ያውም በከባድ ሕግ። ኳሱን አሥር ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት ለመግፋት አሜሪካ አራት ሙከራ ስትሰጥ ካናዳ የምትሰጠው ሦስት ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ተሰላፊው በየወገኑ 12 በመሆኑ ኳሱ ብዙ ጊዜ በአየር ይሄዳል፤ ፈጣን እግርና ጥሩ ክንድ ያለው ይደምቃል። በአጭር ቁመቱ የተናቀው ኳርተርባክ ዳግ ፍሉቲ እዚያ 6 ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል።

ስጋት፦ ካናዳ የሄደ ተረስቶ ይቀራል ይባላል። በፍጹም አልስማማም! ኳርተርባኩን ዋረን ሙንን እ.ኤ.አ. በ1978 የመረጠ የኤንኤፍኤል ቡድን አልነበረም። ከካናዳው ኤድመንተን ቡድን ጋር 5 ተከታታይ ግሬይ ካፕ (የሲኤፍኤል ዋንጫ) አነሣ፤ በ1984 ወደ ኤንኤፍኤሉ ሂዩስተን ቡድን ተሻገረ፤ በሁለቱም አገሮች የዝና አዳራሽ ገባ።

ለማን? ቤተሰብ ለሚያስተዳድርና ጥሩ አሠልጣኝ ላገኘ ተጠባባቂነቱ ያዋጣል። ችሎታው በልምምድ ሜዳ ለማይታይ፣ ሩጫና ውርወራ ለሚያቀናጅ ግን ካናዳ ትሻላለች።