ለሊሊ እምቡጥ ሐምራዊው መብራት ወይስ ነጩ?

በብርዱ ወራት ሊሊ የተባለውን አበባ ቤታቸው ውስጥ የሚያሳድጉ ወዳጆቼ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ እየረገፈ ሲያስቸግራቸው የትኛውን መብራት እንደሚገዙ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ በሁለቱም ገንዘቤን አውጥቼ ያየሁትን ጽፌዋለሁ። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ የታኅሣሥ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የመስኮት ብርሃን አይበቃም። ብርሃን ሲያንስ ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር ለእምቡጡ አይተርፍም፤ እምቡጡም ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ያመነጭና ከአንገቱ ተቆርጦ ይወድቃል። ለዚህ በጣም የሚጋለጠው ገና ትንሽ፣ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሳለ ነው።

በመጀመሪያ የገዛሁት ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበትን፣ ለተክል ማሳደጊያ የሚሸጠውን ሐምራዊ መብራት ሲሆን፣ 89 ዶላር ከፍዬበት ሶኬቱ ላይ መለኪያ ብሰካ የሚስበው 96 ዋት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ወር ማራገቢያው ቆመ፤ በ12 ዶላር ሌላ ገዝቼ ብቀይርለትም ብዙም ሳይቆይ ኃይል ሰጪው ተቃጠለ፤ ክፍሎቹ በሙጫ የተጣበቁ በመሆናቸው መፍታት እንኳ አልተቻለም። ይህ የሆነው እምቡጦቹ የጣት ጥፍር ባከሉበት ሳምንት ነበር። በሐምራዊው ብርሃን ቅጠሉ ሁሉ ጥቁር ይመስል ስለነበር ቢጫነቱን ያየሁት መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ከ7 እምቡጦች 5ቱ ገና ስነካቸው እጄ ላይ ቀሩ።

ነጩ ለጋራዥ የሚሸጠው ተራ ረጅም የኤልኢዲ መብራት ነው። ባለ 42 ዋቱ አንዱ 26 ዶላር ስለሆነ፣ ሁለቱ በ52 ዶላር ከሐምራዊው በ37 ዶላር ይረክሳሉ። በቀን 14 ሰዓት ለ60 ቀናት ሲበሩ፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ በ17 ሳንቲም ሲታሰብ የሁለቱ የኤሌክትሪክ ወጪ 12 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ሐምራዊው ግን ወደ 14 ዶላር ይጠጋ ነበር። ማራገቢያ የለውም፤ አንዱ በሁለተኛው ዓመት ሲጠፋ ነቅዬ በካቻቢቴ ብከፍተው የላላ ሽቦ ብቻ ነበር። ከተክሉ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሰንሰለት መስቀልና ግንዱ ሲረዝም ማንሳት ያስፈልጋል፤ ርቆ ከተሰቀለ ነጩም ቢሆን ዋጋ የለውም። በአጠገቡም የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም አይቀመጥ፤ ኤትሊን ያወጣሉና።

መብራት መግዛት የማይፈልግ ሰው፣ በብርሃን እጥረት እምቡጡን በቀላሉ የሚያረግፈውን ኤሺያቲክ የተባለውን ዝርያ ትቶ፣ ለፈረንጆች ፋሲካ የሚሸጠውን ነጭ ሊሊ ቢገዛ ይሻለዋል። ኤሺያቲኩን ካልሆነ የሚል ግን፣ አቅሙ ለአንድ መብራት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ አንዱን ነጭ መብራት ገዝቶ ከሥሩ ከአንድ የአበባ ማሰሮ በላይ አያስቀምጥ።